አዲስ የፍሬን ሸራ ማሟሸት፦ የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ለምን ይወስናሉ? ጩኸቱስ ምን ይናገራል?

ከአል ዐይን ከተማ ተነሥቶ ወደ ጀበል ሐፊት የሚወጣው ጠመዝማዛ አስፋልት 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የተራራው ጫፍም ከባሕር ወለል በላይ ከ1,200 ሜትር ይልቃል። አየሩ በሚቀዘቅዝባቸው ወራት የሳምንቱ መጨረሻ ሲደርስ ብዙ ቤተሰብ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲመሽም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ከሚመለሱት መኪኖች መካከል ትናንት ጋራዥ ገብቶ የፊት ፍሬን ሸራው የተቀየረለት አንድ መኪና አለ እንበል። ሹፌሩ «አዲስ ፍሬን ይዣለሁ» ብሎ ልቡ አርፏል። ሦስተኛውን ወይም አራተኛውን መታጠፊያ ሲያልፍ ግን ፔዳሉ ከእግሩ በታች እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ሳለ መኪናው እንደ ልማዱ አይታዘዝም። አጥብቆ ይረግጣል፤ ፍጥነቱ የሚቀንሰው ግን በጥቂቱ ነው። ከመንኮራኩሮቹ የተቃጠለ ነገር ሽታ ይመጣል።

እንዲህ ያለው አደጋ የሚደርሰው ሸራው አስመስሎ የተሠራ ወይም መካኒኩ ያጠፋ ሲሆን ብቻ አይደለም። ጥራቱ የተመሰከረለት ውድ ሸራ በትክክል ተገጥሞም ሊከሰት ይችላል። ምክንያቱ ሸራው ገና አለመሟሸቱ ነው። ብዙ አሽከርካሪዎች የፍሬን ጥገና የሚያበቃው መካኒኩ ጎማውን መልሶ ብሎኑን ሲያጠብቅ ይመስላቸዋል። በእርግጥ ግን የቀረው የሥራው ክፍል የሚከናወነው በመንገድ ላይ ነው፤ የሚያከናውነውም መሪውን የያዘው ሰው ነው።

አገር ቤት አዲስ የሸክላ ምጣድ ገዝቶ በዚያው ቀን እንጀራ የሚጋግር የለም። ምጣዱ መጀመሪያ በእሳት ይሞቃል፣ በጎመን ዘር ይታሻል፣ ይሟሻል። ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራውን ይይዛል፣ ይቀዳድዳል። የፍሬን ሸራና ዲስክም በሙቀት አማካይነት አንዱ ለሌላው እስኪስማማ ድረስ ተመሳሳይ ሥርዐት ይሻሉ። ልዩነቱ ምጣድ ቅባት ሲወድ ፍሬን ግን ከቅባት የከፋ ጠላት የሌለው መሆኑ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ፍሬን ምን ያህል ሙቀት እንደሚሸከም ማየት ይበጃል። ተሳፋሪዎቹን ጨምሮ 1,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ አንድ ጊዜ እስኪቆም ቢያዝ፣ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ጉልበት 3 ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አንሥቶ እስኪፈላ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ፣ ከመዳፍ ብዙም በማይበልጡ ሸራዎች ላይ ነው። ይኸው መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ ደግሞ የሚለቀቀው ጉልበት ከ50 ሊትር በላይ ውኃ ያፈላል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን ነፋስ፣ ጎማና ሞተር ይወስዱታል፤ ሹፌሩ ማርሽ ካልቀነሰ ግን አብዛኛው በፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

ሸራ የሚሠራው ከብረት ብናኝ፣ ከማዕድን፣ ከቃጫና ከሌሎች ቅመሞች ሲሆን፣ እነዚህን አንድ ላይ የሚይዛቸው ሙጫ ነው። ሙጫው በፋብሪካ ውስጥ በሙቀት ቢጠነክርም ብዙ ጊዜ በገጹ አካባቢ ያልተቃጠለ ትርፍ ይቀራል። ሸራው ለመጀመሪያ ጊዜ በኃይል ሲግል ይህ ትርፍ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፤ ጋዙም በሸራውና በዲስኩ መካከል ገብቶ ስስ ትራስ ይሆናል። ሸራው ዲስኩን በመንከስ ፈንታ በጋዙ ላይ ይንሸራተታል። ፔዳሉ ጠጣር ሆኖ ሳለ መኪናው አልቆም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ሸራው ቀስ በቀስ እንዲሞቅ ከተደረገ ጋዙ አደጋ በሌለበት ቦታ ወጥቶ ያልቃል፤ በቁልቁለት ላይ በድንገት ከጋለ ግን ወጪው በተሳፋሪዎች ሕይወት ላይ ይሆናል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዓይን የተሰወረ ነው። ፍሬን የሚይዘው ሸራው ዲስኩን ስለሚፍቅ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በደንብ የተሟሸ ሸራ ከራሱ አካል እጅግ ስስ ሽፋን በዲስኩ ገጽ ላይ ያትማል፤ ከዚያ በኋላ የሚይዘው በአብዛኛው ሸራው ከዚያ ሽፋን ጋር እየተያያዘና እየተላቀቀ ነው። ሽፋኑ በዲስኩ ዙሪያ እኩል ከተኛ ፍሬኑ ለስላሳ፣ ጠንካራና ጸጥተኛ ይሆናል። በአንድ ቦታ ወፍሮ በሌላ ቦታ ከሳሳ ግን ፔዳሉና መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ። ብዙ ጊዜ «ዲስኩ ተጣሟል» ተብሎ አዲስ ዲስክ የሚገዛበት መንቀጥቀጥ ብረቱ ተጣሞ ሳይሆን ሽፋኑ ተዛብቶ የመጣ ነው።

«ፐርፎርማንስ» ወይም «ስፖርት» በሚል ስያሜ የሚሸጡት ሸራዎች ማሟሸትን ከሌሎቹ አብልጠው የሚፈልጉት ለዚህ ነው። የብረት ይዘታቸው ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ነው፤ የተቀመሙትም ለከፍተኛ ሙቀት ስለሆነ ሽፋናቸውን ለማተም በቂ ሙቀት ማግኘት አለባቸው። በከተማ መጨናነቅ ውስጥ በቀስታ የሚነዳ ሰው ሳምንታት ቢነዳም ያን ሙቀት ላያገኝ ይችላል። በዚህ ረገድ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት፦ ለመኪና ውድድር ሜዳ የተዘጋጀ ሸራ ለታክሲ ወይም ለቤተሰብ መኪና አይገዛም። እንዲህ ያለው ሸራ ሳይሞቅ አጥብቆ አይዝም፣ ዲስክ ይበላል፣ ይጮኻል። ዋጋው ከፍ ያለ መሆኑ ለዕለት ተዕለት መንገድ የተሻለ አያደርገውም።

ወደ አሠራሩ ስንመጣ፣ የመጀመሪያው ነገር መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ነው። አዲስ ሸራ ሲገጠም የካሊፐሩ ፒስተን ወደ ኋላ ይገፋል። በዚህ ምክንያት ጥገናው እንዳለቀ ፔዳሉ በመጀመሪያው ርግጫ እስከ ወለል ሊወርድ ይችላል። መኪናው በቆመበት ፔዳሉ እስኪጠጥር ደጋግሞ መርገጥ ያስፈልጋል። ይህን ረስቶ ከጋራዡ በር ላይ የሌላ ሰው መኪና የገጨ ሹፌር ታሪክ በየኢንዱስትሪ ሰፈሩ ይሰማል።

ለተለመደው የከተማ መኪና ሸራ የሚበዙት አምራቾች የሚመክሩት ቀላል ነው፦ ለመጀመሪያዎቹ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በለዘብታና ከሩቅ ጀምሮ መያዝ፣ ከባድ ጭነትና ረጅም ቁልቁለት ማስወገድ፣ የግድ ካልሆነ በስተቀር ድንገተኛ አያያዝ አለመያዝ። የግድ ሲሆን ግን ያለ ማመንታት ሙሉ ኃይል ይረገጣል፤ ሸራ ለማዳን ሰው አይገጭም።

ለፐርፎርማንስ ሸራ የሚደረገው ከዚህ ጠንከር ይላል። በቅድሚያ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ወደ 20 አምስት ወይም ስድስት ጊዜ በለዘብታ እየያዙ ሸራውን ማሞቅ ነው። ቀጥሎ ከ100 ኪሎ ሜትር ወደ 20 ገደማ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ጠንከር አድርጎ መያዝ ይከተላል። ርግጫው ጠንካራ ይሁን እንጂ ኤቢኤስ እስኪሠራ፣ ጎማም እስኪንሸራተት መድረስ የለበትም። ከእያንዳንዱ አያያዝ በኋላ መኪናው ወዲያው ወደ ቀድሞው ፍጥነት ይመለሳል። በሂደቱ መካከል ሽታ መምጣቱ፣ አንዳንድ ጊዜም ስስ ጢስ መታየቱ የሚጠበቅ ነው፤ የሙጫው ትርፍ እየወጣ ነውና። በመጨረሻም ፍሬኑን ብዙ ሳይነኩ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በመንዳት ነፋስ እንዲያቀዘቅዘው ይደረጋል። ከአምራች አምራች ቁጥሮቹ ይለያያሉ፤ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀት የተለየ ነገር ካዘዘ የሚከበረው ወረቀቱ ነው። አንዳንዶቹ ሸራዎች ገጻቸው በፋብሪካ ተጠብሶ ስለሚመጡ ሥራው ይቀልላቸዋል።

ከዚህ ሁሉ መካከል አብዛኛው ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ሸራው በጋለበት ሰዓት መኪናውን ፈጽሞ ማቆምና እግርን በፔዳሉ ላይ አሳርፎ መቆየት አይገባም። የጋለ ሸራ ቆሞ በተጫነበት ቦታ ላይ ልክ እንደ ማኅተም የራሱን ቅርጽ በዲስኩ ላይ ይተዋል፤ ያ ቦታ ወፍሮ ይቀርና ጎማው በዞረ ቁጥር ፔዳሉን ይመታል። ከ100 ወደ 20 እንጂ ወደ ዜሮ ያልተባለው ስለዚህ ነው። ፍሬኑ ሳይቀዘቅዝ መቆም ግድ ከሆነ ሜዳ ቦታ መርጦ፣ ማርሹን ፓርኪንግ ላይ አድርጎ፣ እግርን ከፔዳሉ ማንሣትና የእጅ ፍሬኑን መተው ይሻላል።

ቦታና ሰዓትም ይመረጣል። በሼኽ ዛይድ ጎዳና ላይ፣ ከኋላ መኪና ተከታትሎ እየመጣ፣ አሥር ጊዜ በኃይል መያዝ አደጋ መጥራት ነው፤ በትራፊክ ሕግም ያስጠይቃል። ከከተማ ወጣ ያለ፣ ቀጥ ያለ፣ ወለሉ ደረቅ፣ ከኋላ ማንም የማይታይበት መንገድ፣ በተለይ በማለዳ፣ ተስማሚ ነው። የመንገዱ የፍጥነት ወሰን ከ100 ኪሎ ሜትር በታች ከሆነ በወሰኑ ውስጥ ሆኖ አያያዙን ጥቂት ጊዜ መጨመር ይቻላል። እንዲህ ያለ ቦታ ማግኘት ያልቻለ ሰው የ300 ኪሎ ሜትሩን ለዘብተኛ መንገድ ይከተል፤ ወደ ተራራ ግን ሳያሟሽ አይውጣ።

በዱባይ ጎዳናዎች በብዛት የሚታዩትን ሃይብሪድ ታክሲዎች ለሚነዱ ወገኖች ጉዳዩ ሌላ ገጽታ አለው። እነዚህ መኪኖች በለዘብታ ሲያዙ ፍጥነቱን የሚቀንሰው በአብዛኛው የኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው፤ ሞተሩም ጉልበቱን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ሸራው ዲስኩን የሚነካው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሸራው ለረጅም ጊዜ ቢያገለግልም ለመሟሸት ይዘገያል፤ ዲስኩም ዝገት ይይዛል። በኤሌክትሪክ መኪናም እንዲሁ ነው።

ጩኸቱ ከየት ይመጣል?

ማሲንቆ ሲጫወት ያየ ሰው የፍሬንን ጩኸት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የደጋኑ ፀጉር በክሩ ላይ ሲሳብ ክሩን ይይዘዋል፣ ይለቀዋል፣ መልሶ ይይዘዋል፤ ይህም በሴኮንድ በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም ድምፅ ይሆናል። ሸራም በዲስክ ላይ ሲጫን አንዳንዴ እንዲሁ ይይዛል፣ ይለቃል። ፍጥነቱ ግን በሴኮንድ በሺህ የሚቆጠር ስለሆነ የሚወጣው ጆሮ የሚበሳ ቀጭን ድምፅ ነው። ዲስኩም እንደ ደወል ያስተጋባዋል።

እንግዲህ ጩኸት በራሱ የብልሽት ማስረጃ አይደለም፤ ዝምታም የጤንነት ማረጋገጫ አይሆንም። ለአሽከርካሪው የሚበጀው ድምፁ መቼና እንዴት እንደሚመጣ ማድመጥ ነው።

ከባሕረ ሰላጤው ዳርቻ በሚገኙ ከተሞች ማለዳ ላይ የሚሰማው ጩኸት አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ጤዛ ነው። እርጥበቱ ሌሊቱን በዲስኩ ላይ ስስ ዝገት ያወጣል፤ መኪናውን ማታ አጥቦ ያሳደረ ሰውም ጠዋት ይህንኑ ያገኛል። ሦስት አራት ጊዜ ሲያዝ ተጠርጎ ይጠፋል። በነፋስ የመጣ የአሸዋ ቅንጣት በሸራና በዲስክ መካከል ሲገባም ያንቋቋል፤ ወዲያው ካልለቀቀ ጎማው ተፈትቶ ይጸዳል። ፐርፎርማንስ ሸራ ደግሞ ጠንካራ ስለሆነ ሳይሞቅ መጮኹ ከጠባዩ ነው። አጥብቆ መያዝን የመረጠ ሰው ጥቂት ድምፅ መታገሥ ይኖርበታል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ያለ ምንም ጉድለት የሚሰጥ ሸራ ብርቅ ነው።

ጨርሶ ችላ የማይባለው ድምፅ ሌላ ነው። በብዙ ሸራዎች ጎን ትንሽ የብረት ምላስ አለች። ሸራው አልቆ ወደ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሲቀርብ ይህች ምላስ ዲስኩን እየነካች ቀጭን፣ የማያቋርጥ ጩኸት ታሰማለች። ብዙ ጊዜ የምትጮኸው እግር ከፔዳሉ ላይ ተነሥቶ መኪናው በሚንከባለልበት ሰዓት ነው፤ ሲረገጥ ድምፁ ይለወጣል ወይም ይጠፋል። ይህን «ሲያዝ ደህና ነው» ብሎ የሚያልፍ ሹፌር ጥቂት ቆይቶ ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚሰማውን ወፍራም ጉርምርምታ ይሰማል። በዚያ ጊዜ ለውጡ ከሸራ አልፎ ዲስክም ይጨምራል። ድምፁ ከአንድ ጎማ ብቻ እየመጣ ያ ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚግል ከሆነ ደግሞ ካሊፐሩ ተጣብቆ ፍሬኑን እንዳልለቀቀ ይጠረጠራል። በእነዚህ ሁኔታዎች መኪናው በዚያው ቀን ጋራዥ መግባት አለበት።

አዲስ ሸራ ከተገጠመ በኋላ የሚጀምር ጩኸት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የአገጣጠም ነው። ከሸራው ጀርባ ድምፅ የሚያፍን ስስ ቆርቆሮ አለ፤ ሸራው የሚንሸራተትባቸውም ትንንሽ የብረት ቅንጥቦች አሉ። ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል እነዚህ ሳይመለሱ ይቀራሉ፣ ወይም ያረጁት በቆሻሻቸው መልሰው ይገባሉ። መቀመጫው በብሩሽ መጽዳት አለበት። ለፍሬን ተብሎ የተሠራ፣ ሙቀት የሚችል ግራሶ በሸራው ጀርባና በሚንሸራተትባቸው ጫፎች ላይ በስሱ ይቀባል፤ የካሊፐሩ ፒኖችም ለላስቲክ የሚስማማውን ያገኛሉ። የተለመደው የኩሽኔታ ግራሶ እዚህ ቦታ የለውም፤ ሙቀት ያቀልጠዋል፣ ላስቲኩንም ያሳብጣል።

በሸራው ገጽና በዲስኩ ላይ ግን ምንም ዓይነት ግራሶ፣ ዘይት ወይም ዝገት የሚያላቅቅ የሚረጭ ፈሳሽ አይደርስም። ጩኸት እንዲያጠፋ ብሎ ዲስኩ ላይ ዘይት የረጨ ሰው ጩኸቱን በእርግጥ አጥፍቷል፤ ፍሬኑንም አብሮ። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም፣ ይጣላል። ዲስኩ ብቻ ከተነካ በፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ ይጸዳል። ሲጸዳም የፍሬን ብናኝ በአየር መንፊያ አይነፋም፤ በሳንባ የሚገባ ብናኝ ስለሆነ በእርጥብ ጨርቅ ወይም በማጽጃው ፈሳሽ ይወሰዳል።

ገጹ እንደ መስተዋት ያብለጨለጨ ሸራም ይጮኻል፣ አያያዙም ይደክማል። ሳይሟሽ በለዘብታ ብቻ ለረጅም ጊዜ የተነዳ ወይም በአንድ ጊዜ ከመጠን በላይ የጋለ ሸራ እንዲህ ይሆናል። ውፍረቱ ካልጎደለና ስንጥቅ ካልያዘ ገጹ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ተፈቅፍቆ እንደገና ሊሟሽ ይችላል። አዲስ ሸራ በአሮጌ ዲስክ ላይ ሲገጠምም የቀድሞው ሸራ ሽፋን መጽዳት አለበት። ዲስኩ በቶርኖ ይላጭ ከተባለ የዲስኩ ዝቅተኛ ውፍረት ራሱ ብረቱ ላይ ተጽፏልና ተለክቶ ይወሰን፤ ከዚያ በታች የወረደ ዲስክ አይላጭም፣ ይለወጣል።

ጠጣር ፔዳል እያለ አለመያዝ የሸራ ችግር እንደሆነ ሁሉ፣ ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ወለል መውረዱ የፍሬን ዘይት ችግር ምልክት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት ሲኖርበት፣ እርጥበት ሲገባው ግን ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፣ ግፊት አያደርስም። እርጥበት በበዛባቸው የባሕር ዳርቻ ከተሞች ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ቅንጦት አይደለም። ዓባይ በረሃን ወይም ሊማሊሞን በጭነት መኪና የወረዱ አንጋፋ ሾፌሮች በከባድ ማርሽ የሚወርዱት፣ ፍሬኑንም ለአፍታ ይዘው ለአፍታ የሚለቁት ይህን ሁሉ በልምድ ስለሚያውቁ ነው። በአውቶማቲክ መኪናም ዝቅተኛ ማርሽ መርጦ መውረድ ይቻላል።

ለብዙ ሠራተኞች ሌላው እንቅፋት ከጋራዡ ጋር መግባባት ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ሸራው «ፈሕማት» ይባላል፤ ቃሉ በቀጥታ ሲተረጎም «ከሰሎች» ማለት ስለሆነ መጀመሪያ የሚሰማውን ያስገርማል። በሌሎች የባሕረ ሰላጤው አካባቢዎች «ሰፋይፍ» ሲሉ፣ ከግብፅ የመጡ መካኒኮች ደግሞ «ቲል» ይላሉ። ዲስኩን ብዙዎች «ሆባት»፣ መላጨቱንም «ኸርጥ» ይሉታል። መኪናው የአሠሪ ከሆነ የወጣው አሮጌ ሸራ እንዲመለስ መጠየቅ ይበጃል፤ ምን ያህል እንዳለቀ በዓይን የሚታይ ስለሆነ ክርክር አያስነሣም። የአዲሱን ሳጥንና በውስጡ ያለውን ወረቀትም መካኒኩ ከመጣሉ በፊት መቀበል ይገባል። የማሟሸቱ ትእዛዝ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው።